መስመር ሠላሳ አንድ

ንብ ሳትቀድመኝ ነው ከማሳው የምደርሰው፣
ጭጋጉ ቦርከናን ገና እንዳለበሰው።
የጓያ አበባ ሰማያዊ ናት፤ ግን ከሰማይ ይልቅ
የተማሪ ቀለም ትመስላለች፣ ጣት ላይ የሚደርቅ።

ከራሷ ጋር ትጋባለች እምቡጧን ዘግታ፤
አርፍጄ ከደረስኩ፣ ሰርጉ አልቋል ማታ።
ስለዚህ በወረንጦ ቅጠሏን እገልጣለሁ፣
ዐሥሩን ወንዴ ዘንግ አንድ በአንድ እነቅላለሁ፣
ከሌላ ጓያ የመጣ ብናኝ በብሩሽ ጫፍ ቀብቼ፣
አንገቷን በቀይ ክር አስራለሁ፣ ቁጥሯን ጽፌ፣ ትንፋሼን ውጬ።
እጄ ከተንቀጠቀጠ ትሞታለች። ብዙ ጊዜ ትሞታለች።
ከመቶ ዐሥሯ ፍሬ ከያዘች፣ ያቺ ቀን በዓል ትባላለች።

አጎቴ ይመር ከቦዩ ዳር ይቀመጣል፣
ምርኩዞቹን አጋድሞ ይስቅብኛል፦
«ምነው አንቺ ልጅ፣ ሰው አጣሽና ከአበባ ትሟገቻለሽ?
እነዚህን ለማጋባት ማን ሽማግሌ አድርጎ ላከሽ?»

ሲራመድ እግሮቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፤
ጣቶቹ እንጂ ተረከዞቹ ምድርን ረስተዋል።

ድሮ ጨው ተሸክሞ ሐረጎን በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ
ጎረምሳ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ቀረ፤ ደመናም አልመጣ።
ባቄላው ሞተ። ምስሩ ሞተ። ማሽላው አገዳ ሆኖ ቀረ።
ጓያ ብቻ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ አረንጓዴ ሆኖ አደረ።
ሦስት ወር ሙሉ ሽሮው ጓያ፣ ቂጣው ጓያ፣ ቆሎው ጓያ፤
በአራተኛው እግሩ እምቢ አለ፤ አጣ መቆሚያ።
ያተረፈው እህል ነው ያሰረው።

እዚህ ሥራ ለምን እንደገባሁ ሰው ሲጠይቀኝ
«ደመወዝ» እላለሁ።

ሰባት ዓመት ዘራን። ሰባት ጊዜ ታጭዶ፣ ተፈጭቶ፣ ተመዝኖ፣
ደሴ ላለችው ለሐዋ ተልኮ፣ በብልቃጥ ተፈትኖ፣
ከአራት መቶ መስመር ውስጥ ሠላሳ አንደኛው
ሆኖ ተገኘ፣ ፕሮቲኑ ሙሉ፣ መርዙ ያነሰው።
ፍሬው ነጣ ያለ፣ እንደ ወተት ጥርስ።
ሐዋ ደውላ ቁጥሩን ስትነግረኝ ሁለቴ አስደገምኳት፤
ሦስተኛውን ራሷ ደገመችው፣ ሳልጠይቃት።

ዘንድሮ ሽቅብ ወሰድነው፣ ከጦሳ ሥር፣ ገራዶ።
ዝናቡ ነሐሴ መሐል አቋረጠ፣ እንደ ተቀየመ ዘመድ ፊቱን አዙሮ ሄዶ።
መስመር ሠላሳ አንድ አልሞተም። ጓያ መቼ ይሞታል?
አፈሩ ሲደርቅበት ግን የረሳው ትዝ ይለዋል።
ሐዋ ቁጥሩን ተናግራ፣ ከስልኩ መስመር ማዶ ዝም አለች።
መርዙ ተመልሷል፣
እጥፍ ሆኖ።

ሰኞ ገበያ ዋልኩ፤ የማልፈልገውን ሽንኩርት ገዛሁ።
በሚኒባስ ሐረጎን ስወርድ በየመታጠፊያው ቃል ስፈልግ መጣሁ።
ደርሼ ነገርኩት።

«ቢጠማው ነው» አለ፣ ቆይቶ። «በምን ትፈርጂበታለሽ?
እኔም ጠግቤ ሳለሁ ደግ ነበርኩ። ያኔ ግን፣ አልነገርኩሽም፣
አንድ ቁና ጓያ ከአባትሽ ደብቄ ከግርግሙ ሥር ቀበርኩ።
ሌሊት ሌሊት እየወጣሁ፣ ጥርሴ ድምፅ እንዳያሰማ
በምራቄ እያለሰለስኩ፣ ብቻዬን በላሁት።
አባትሽ ራበውና ወደ ባቲ ሄደ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ።
በእግሩ ሄደ።
ይኸው ዛሬም በእግሩ ይሄዳል።»
ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ።

«ሲጠማ ይከፋል» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤
ከዚያ ሰረዝኩት፣ ቁጥሩን ብቻ ተውኩ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከቦዩ ዳር ቀድሞኝ ነበር።
ሠላሳ አንድን ድርቅ ከማያስቆጣው ከሌላ መስመር ጋር
እንደገና ላዳቅል ጎንበስ ስል፣ ክሩ ከጣቴ አመለጠ። ብርዱ ነው።
«አምጪው» አለ።
እግሩን ነው እንጂ ጓያ የወሰደበት፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፤
ሰማያዊዋን አበባ እንደ አራስ ልጅ እትብት ቋጠራት፣
ሳያጠብቅ፣
ሳያላላ።